ስትወድቁ ማን ያነሳችኋል? የጓድ የጦር ጌም አመራረጥ

መሬት ላይ ተዘርሬያለሁ። ስክሪኑ ደብዝዟል። በላዬ ጥይት እያፏጨ ያልፋል። በጆሮ ማዳመጫው የማላውቀው ሰው ድምፅ ይመጣል። «አትልቀቅ፣ እየመጣሁ ነው። መጀመሪያ ጭስ ልወርውር።»

ጭሱ ፈነዳ። ነጭ ደመናው አጥሩን ዋጠው። ሁለት የጓዱ ልጆች ከመስኮት ሆነው ጠላትን በተኩስ ያዙለት። ሰውየው በሆዱ እየተሳበ ደረሰ። ፋሻውን አወጣና አነሳኝ። ተከታትለን ወደ ግድግዳው ጥግ ሮጥን። ያን ጨዋታ ማን እንዳሸነፈ ትዝ አይለኝም። ያ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሌላ ጌም ቢሆን ኖሮ በጥቂት ሰከንድ ሌላ ቦታ ተነስቼ ሩጫዬን እቀጥል ነበር። ማንም አይመጣልኝም። መምጣትም አያስፈልገውም።

ስለዚህ ሰዎች «የትኛው የጦር ጌም ይሻለኛል?» ብለው ሲጠይቁኝ ከግራፊክስ አልጀምርም። ስለ መሣሪያ ብዛትም አላወራም። መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስትመቱ ምን እንዲሆን ትፈልጋላችሁ? ወዲያው መነሳት ነው የምትፈልጉት፣ ወይስ ሰው እስኪመጣላችሁ መጠበቅ? ወይስ ከኋላ ተነስታችሁ ያን ሁሉ መንገድ እንደገና በእግር መሄድ? የጌሙ ጠባይ በሙሉ ከዚህ መልስ ይመጣል። ሞት ብዙ የማያስከፍል ከሆነ ብቻችሁን ብትሮጡም ችግር የለውም። ብዙ የሚያስከፍል ከሆነ ግን ከጎናችሁ ያለው ሰው ያስፈልጋችኋል። ከሰው ጋር መነጋገርም ግድ ይሆንባችኋል።

ከዚህ በታች «ጓድ» ስል አብራችሁ የምትንቀሳቀሱትን ትንሿን ቡድን ማለቴ ነው። «ወገን» ስል ደግሞ በእናንተ በኩል ያለውን ሠራዊት በሙሉ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስኳድ፦ ማውራት ለሚወድ

ስኳድን የሠራው የካናዳው ኦፍወርልድ ኢንዱስትሪስ ነው። ሥሩ ግን ወደ 2005 ይመለሳል። ያኔ ባትልፊልድ 2 በሚባለው ጌም ላይ ፕሮጀክት ሪያሊቲ የሚባል በተጫዋቾች የተሠራ ሞድ (ጌሙን የሚቀይር ተጨማሪ ፋይል) ወጣ። ፈጣኑን ጌም ወስዶ አዘገየው፣ ጓዱ ተነጋግሮ እንዲሠራም አስገደደው። ከዚያ ሞድ የመጡ ሰዎች ናቸው በኋላ ስኳድን የጀመሩት። በ2015 መጨረሻ ገና ሳያልቅ ለሽያጭ ቀረበ። ሙሉው በ2020 ወጣ።

50 ሰው ከ50 ሰው ይገጥማል። አንድ ጓድ እስከ 9 ሰው ይይዛል። ድምፁ በሦስት መስመር ይሄዳል። አንዱ አጠገባችሁ ላለ ለማንኛውም የወገን ሰው፣ አንዱ ለጓዳችሁ ብቻ፣ አንዱ የጓድ መሪዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት። የጓድ መሪ ከሆናችሁ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ጆሯችሁ ላይ ይወርዳሉ። አንዱ ታንክ አየሁ ይላል፣ አንዱ ጥይት አለቀብኝ ይላል፣ ሌላው ጓድ መሪ ደግሞ ከሰሜን በኩል እርዳታ ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው ሰው ጭንቅላቱ ይዞራል። ከለመዱት በኋላ ግን ይህን የሚተካ ጌም ማግኘት ይከብዳል።

ስትወድቁ ፋሻ የያዘ ማንኛውም የወገን ሰው ሊያነሳችሁ ይችላል። ጤናችሁን ሙሉ በሙሉ የሚመልሰው ግን ሐኪሙ ነው። ተስፋ ቆርጣችሁ ከለቀቃችሁ ወገናችሁ አንድ ቲኬት ያጣል። ቲኬት ሲያልቅ ደግሞ ጨዋታው ያልቃል። ሰውየው በጭስ ውስጥ እየተሳበ የመጣው ለዚህም ነው።

እንደገና የምትነሱበት ቦታም ዝም ብሎ አይገኝም። ወይ የጓድ መሪው አነስተኛ የመነሻ ነጥብ ይተክላል፣ ወይ ደግሞ ሰዎች ተባብረው ጣቢያ ይሠራሉ። ጣቢያው ሬዲዮ ይፈልጋል። ግንባታው ደግሞ ዕቃ ይፈልጋል። ዕቃው ከዋናው ሰፈር በጭነት መኪና ይመጣል። ከዚያ አካፋ ይዞ መቆፈር ነው። በአንድ ጨዋታ ሩብ ሰዓት ያህል የጭነት መኪና ብቻ ነዳሁ። አንድም ጥይት አልተኮስኩም። ከጫካው ጀርባ የተከልነው ጣቢያ ግን የቀረውን ጨዋታ በሙሉ ሠራዊቱን ሲያስነሳ አመሸ። ይህን ስታነቡ «ይሄ ሥራ እንጂ ጨዋታ ነው?» ካላችሁ ስኳድ የእናንተ አይደለም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። «አሃ!» ካላችሁ ግን ሌላውን ክፍል ባታነቡትም ይሆናል።

በ2023 የእግረኛ ውጊያው ከሥር ተቀይሯል። መሣሪያው እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ አይቆምም። ሮጣችሁ ስትደርሱ ትንፋሻችሁ ያናውጠዋል። ጥይት በአጠገባችሁ ሲያልፍ እይታችሁ ይደበዝዛል። የድሮ ተጫዋቾች በዚህ ለሁለት ተከፈሉ። እኔ ለውጡን ከወደዱት ወገን ነኝ። ከዚያ በፊት መትረየስ የሚፈራው አልነበረም፤ ጥሩ አላሚ ከሆንክ ቀና ብለህ በአንድ ጥይት ትጥለው ነበር። አሁን መትረየስ ሲጮኽ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ያኔ ሌላው ጓድ በጎን ዞሮ ይገባል። የጓድ ውጊያ ማለትም ይኸው ነው።

ደካማ ጎኑን ልደብቅ አልፈልግም። ሁሉም ነገር በጓድ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል። መሪው ዝም ካለ ጨዋታው ይሞታል። ምክሬ አጭር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች መሪው ካልተናገረ ጓዱን ለቃችሁ ሌላ ፈልጉ። ማንም አይቀየምም። ሌላው ነገር ስኳድ ፒሲ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። በ2025 ደግሞ አንሪያል ኢንጂን 5 ወደሚባለው አዲስ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ተሸጋግሯል፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይከብዳል።

ሄል ሌት ሉስ፦ ግርግሩን ለሚፈልግ

ሄል ሌት ሉስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ነው። የጀመረው ብላክ ማተር የተባለ የአውስትራሊያ ድርጅት ነው፤ አሳታሚው ቲም17 ነው። በ2019 ለሙከራ ወጣ፣ በሐምሌ 2021 ሙሉው ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ለአዲሶቹ ኮንሶሎችም (ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ) ደረሰ። ኦማሃ የባሕር ዳርቻ፣ ካሬንታን፣ ስታሊንግራድ፣ ኩርስክ የመሳሰሉ የታወቁ የጦር ሜዳዎች አሉበት።

እዚህም 50 ለ50 ነው። የእግረኛ ጓድ ግን 6 ሰው ብቻ ነው። ታንክ 3 ሰው ይይዛል፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይተኩሳል፣ አንዱ ያዝዛል። የአሳሽ ጓድ 2 ሰው ነው። ከሁሉም በላይ አንድ አዛዥ አለ። እሱ ጥይትና ነዳጅ እየቆጠረ አውሮፕላን ይጠራል፣ ታንክ ያስወጣል።

ከስኳድ ጋር ያለው ልዩነት የሚታየው ስትወድቁ ነው። በስኳድ የሚያነሳችሁ አጠገባችሁ ያለ ማንም ሰው ነው። በሄል ሌት ሉስ የሚያነሳው ሐኪም ብቻ ነው። ሐኪም ደግሞ ሁልጊዜ በአቅራቢያ አይኖርም። ብዙ ጊዜ በአንድ ጥይት ትወድቃላችሁ፣ ማን እንደተኮሰም አታዩም። ስለዚህ ብዙው ሰው አይጠብቅም፤ ለቆ እንደገና ይነሳል። ዋናው ጥያቄ «ማን ያነሳኛል?» መሆኑ ይቀርና «የት ነው የምነሳው?» ይሆናል።

እዚህ ላይ ጋሪሰን ይመጣል። ወገኑ በሙሉ የሚነሳበት ነጥብ ነው። የጓድ መሪ ወይም አዛዡ ይተክለዋል፤ በራስ መሬት ላይ ለመትከል 50 አቅርቦት ይፈጃል። ድጋፍ የሚባለው ወታደር የሚጥለው አንድ ሳጥን 50 አቅርቦት ነው። ይህን አስቡት። አንድ ልጅ ከመሪው ጋር በቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ እየተሽሎከሎከ ከጠላት ጎን ይደርሳል። ሳጥኑን መሬት ላይ ይጥላል። መሪው ይተክላል። ከደቂቃ በኋላ 20 ሰው ማንም ባልጠበቀው በኩል ይወጣል። ያ ልጅ በውጤት ሰሌዳው ላይ ምናልባት ሁለት ሰው ብቻ ነው የገደለው። ጨዋታውን ያሸነፈው ግን እሱ ነው። በጨዋታው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ዋናው የጨዋታ ዓይነት ሜዳውን በ5 ቀጠና ይከፍለዋል። ሁለት ሁለቱን ይዛችሁ መሐለኛው ላይ ትፋለማላችሁ። አምስቱንም የያዘ ወዲያው ያሸንፋል። ካልሆነ ሰዓቱ 90 ደቂቃ ነው። ረጅም ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ይህን እወቁ፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ ካላችሁ አትግቡ።

ሁለቱን አስተያዩልኝ ካላችሁኝ ለአዲስ ሰው መጀመሪያ ሄል ሌት ሉስን እላለሁ። ሥራው ግልጽ ነው። ጠመንጃ ይዛችሁ ከመሪያችሁ ጋር ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳላችሁ፣ በቃ። መድፉ፣ ጭሱ፣ የሰዉ ጩኸት፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲሆን ብዙ ባታውቁም መሐል ላይ መሆናችሁ ይሰማችኋል። ስኳድ ደግሞ የሚጣፍጠው ቀስ እያለ ነው። እኔ ራሴ አሁን ብዙ የምጫወተው ስኳድን ነው። የጀመርኩት ግን በሄል ሌት ሉስ ነበር፣ በዚህም ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ተዘጋጁበት። በሄል ሌት ሉስ ጠላትን ከወገን መለየት ከባድ ነው። የደንብ ልብሱ ቀለም በጭስ ውስጥ ተመሳሳይ ይመስላል። መታሁት አልመታሁት የሚል ምልክትም ስክሪኑ ላይ አይወጣም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሳችሁን ሰው መምታታችሁ አይቀርም። ይቅርታ ጠይቃችሁ ቀጥሉ።

አርማ፦ ሜዳው ለማያልቅበት

አርማ የቼኩ ቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ ተከታታይ ጌም ነው። ድርጅቱ በ2001 ኦፐሬሽን ፍላሽፖይንት የሚባለውን የጦር ጌም ካወጣ ጀምሮ በዚሁ መንገድ ነው የመጣው። ዛሬ ሁለት ምርጫ አለ። አርማ 3 የ2013 ነው። አርማ ሪፎርጀር በ2022 ለሙከራ ወጥቶ በ2023 ተጠናቀቀ።

አርማ 3 አልቲስ የሚባል 270 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ደሴት አለው። የተቀዳው ከግሪኩ ሌምኖስ ደሴት ነው። በ2012 የድርጅቱ ሁለት ሠራተኞች እዚያው ደሴት ላይ ወታደራዊ ቦታ ፎቶ አንስታችኋል ተብለው ታስረው ነበር፤ የተለቀቁት በጥር 2013 ነው። ሌላም ነገር አለ። የአርማ 3 ቪዲዮዎች የእውነተኛ ጦርነት ምስል ተብለው በተደጋጋሚ ተሰራጭተዋል፤ በ2022 ድርጅቱ ራሱ ስለዚህ መግለጫ አውጥቷል። ቀጣይ ጊዜ የሌሊት ውጊያ ቪዲዮ ሲላክላችሁ ይህን አስታውሱ።

አርማ 3ን ዛሬ ለመጀመር የማበረታታው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። ቋሚ ቡድን ያለው፣ ወይም ቋሚ ቡድን ውስጥ ለመግባት የቆረጠ። ሞዱ ማለቂያ የለውም። ቡድኖች ቀን ቀጥረው፣ ዕቅድ አውጥተው፣ ሁለት ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ዘመቻ ያካሂዳሉ። በአንዳንዶቹ ዘመቻዎች የሞተ ሰው እስከ መጨረሻው አይመለስም። ብቻችሁን ገብታችሁ ባገኛችሁት ሰርቨር (ጨዋታው የሚካሄድበት ኮምፒውተር) የምትጫወቱ ከሆነ ግን ትጠፋላችሁ፤ የቁልፉ ብዛት ራሱ ያስመርራል።

ሪፎርጀር ለብቸኛ ሰው ይቀላል። ዘመኑ 1989 ነው፤ የአሜሪካና የሶቪየት ጦር ኤቨሮን በተባለች ምናባዊ ደሴት ላይ ይፋለማሉ። ደሴቷ 51 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ኮንፍሊክት በሚባለው ጨዋታ ጣቢያ ትይዛላችሁ፣ አቅርቦት ትጭናላችሁ፣ የሬዲዮ መስመር ታስፋፋላችሁ። ሬዲዮው ያልደረሰበትን ጣቢያ መያዝ አይቻልም። ስትሞቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሩቅ ነው የምትነሱት። መኪና ካላገኛችሁ በእግር ነው። ሌሊት ከሆነማ ኮረብታውን ስትወጡ የራሳችሁን እርምጃ ብቻ ነው የምትሰሙት።

ይህን ዝምታ የሚወድ ሰው አለ፣ እኔም አንዱ ነኝ። ሥራ ውዬ ደክሞኝ ስገባ ግን አልከፍተውም። አጠገባችሁ ያለ ጠላት ድምፃችሁን እንደሚሰማም አትርሱ። ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃችሁ ማይክ ከፍታችሁ ካወራችሁ አለቀላችሁ። ኮንሶል ላይም አለ፤ ሞድም ኮንሶል ላይ ይሠራል፣ ይህ ብዙ የማይገኝ ነገር ነው።

ኢንሰርጀንሲ ሳንድስቶርም፦ ጠባብ መንገድ፣ አጭር ጨዋታ

ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ፣ ኮምፒውተራችሁም መካከለኛ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ። ሳንድስቶርም የ2018 ጌም ነው። ሜዳዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ቤት ለቤት ነው ውጊያው። መሐል ስክሪን ላይ የማለሚያ መስቀል የለም። የቀረው ጥይት ቁጥርም አይታይም።

የካዝና (የጠመንጃው ጥይት መያዣ) አሠራሩን በተለይ ወድጄዋለሁ። ጥይት ሳያልቅ ካዝና ብትቀይሩ ግማሽ የቀረው ካዝና ወደ ኪሳችሁ ይገባል። በኋላ ሳታስቡት እሱኑ ታወጡታላችሁ፣ መሐል ላይ ያልቅባችኋል። የቅያሪ ቁልፉን ሁለቴ ከነካችሁት ወታደሩ ካዝናውን መሬት ላይ ጥሎ በፍጥነት ይቀይራል፤ ውስጡ የነበረው ጥይት ግን ከነካዝናው ይቀራል። አንድ ደረጃ ሥር ቆማችሁ፣ ከላይ የጠላት እግር እየሰማችሁ፣ ይህን መወሰን አለባችሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ጌሙን ጌም ያደረገው ግን ይህ ነው።

ለጓደኛሞች የምመክረው ቼክፖይንት የሚባለውን ነው። እስከ 8 ሆናችሁ ኮምፒውተሩ የሚያንቀሳቅሳቸውን ጠላቶች ትገጥማላችሁ። የሞተ ሰው የሚመለሰው ጓደኞቹ ቀጣዩን ቦታ ሲይዙ ነው። አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ሰባቱ እሱን እያዩ ትንፋሻቸውን ሲይዙ፣ ያ ሰው እናንተ ስትሆኑ፣ ልብ ይመታል። ከአየር እርዳታ ለመጥራትም ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አዛዡ ያዝዛል፣ ሬዲዮውን የተሸከመው ሰው ደግሞ አጠገቡ መሆን አለበት። ሁለቱ ከተለያዩ እርዳታ የለም።

ሰው ከሰው ጋር የሚገጥምበትም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ፈጣንና ርኅራኄ የሌለው ነው። ለጀማሪ ከኮምፒውተሩ ጋር መጀመር ይሻላል።

ባትልፊልድ 6፦ ወዲያው ለመነሳት

በጥቅምት 2025 የወጣው ባትልፊልድ 6 ሌላ ዓለም ነው። በትልልቆቹ ሜዳዎች 64 ሰው ይጫወታል፣ ጓዱ 4 ሰው ነው፤ አራት ዓይነት ወታደር አለ። አጥቂ፣ መሐንዲስ፣ ድጋፍ ሰጪና አሳሽ። ሕንፃ ይፈርሳል፣ ጄት በላያችሁ ያልፋል፣ ስትሞቱ ከጓዳችሁ ሰው አጠገብ ትነሳላችሁ። የወደቀ ጓደኛን እየጎተታችሁ ወደ ከለላ ወስዳችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ይህ አዲስ ነገር በጣም ጥሩ ነው፤ ጥይት በሚዘንብበት መንገድ መሐል ቆማችሁ ለማንሳት አትገደዱም።

የከባድ ጌም ተጫዋቾች ይህን ሲንቁ እሰማለሁ። አልስማማም። ሰው ሥራ ውሎ መጥቶ ማንንም ሳያናግር አርባ ደቂቃ መተኮስ መብቱ ነው። ማይክ ከሌላችሁ፣ ማውራት የማትፈልጉ ከሆነ፣ ከጓደኞቻችሁ ግማሹ ኮንሶል ላይ ከሆነ ምርጫው ይሄ ነው። ግን ጓድ ማለት ምን እንደሆነ እዚህ አታገኙትም። አራቱ ሰዎች አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ጨዋታው ሊያልቅ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም እንደዚያው ነው።

ፒሲ ላይ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። ጌሙ ሴኪዩር ቡት የሚባለው የኮምፒውተሩ መቼት እንዲበራ ያስገድዳል። የማጭበርበሪያ ሶፍትዌር ለመከላከል ነው። አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ይህን ማብራት ራስ ምታት ሊሆን ይችላል።

አቅም ለማይፈቅድ ኮምፒውተር

ሁለት አሉ። ባትልቢት ሪማስተርድ በ2023 የወጣ፣ ጥቂት ሰዎች የሠሩት ጌም ነው። ሰዎቹ በሳጥን የተሠሩ ነው የሚመስሉት። ለዚህም ነው ደካማ ኮምፒውተር ላይ 254 ሰው በአንድ ሜዳ የሚያጫውተው። የወጣ ሰሞን የነበረው ሕዝብ ግን በእጅጉ ሳስቷል። ከመግዛታችሁ በፊት በምትጫወቱበት ሰዓት የሞላ ሰርቨር መኖሩን እዩ።

ሁለተኛው ራሱ ፕሮጀክት ሪያሊቲ ነው። ከ2015 ጀምሮ ባትልፊልድ 2ን ሳትገዙ በነፃ የሚወርድ ሆኗል። መልኩ ያረጀ ነው። ልቡ ግን ያው የስኳድ ልብ ነው። ስኳድ ይስማማኝ ይሆን ብሎ ለሚጠራጠር፣ ከዚህ የተሻለ ነፃ መሞከሪያ አላውቅም።

ከመክፈላችሁ በፊት

ለስኳድ፣ ለሄል ሌት ሉስና ለሪፎርጀር 16 ጊጋ ራም ይኑራችሁ። ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ማከማቻም ይኑር፤ ያለዚያ ሌላው ጓዱን መርጦ ሲጨርስ እናንተ ገና ሜዳው እየተከፈተላችሁ ነው።

ውድ የጆሮ ማዳመጫ አያስፈልግም። ማይኩ ግን ንጹሕ መሆን አለበት። የአየር ማራገቢያ ድምፅ እያስገባ ሁልጊዜ የተከፈተ ማይክ ጓድ ያፈርሳል። ስትናገሩ ብቻ ቁልፍ ተጭናችሁ ክፈቱ።

ከሰርቨሩ ጋር ያላችሁ ግንኙነት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚነግራችሁ ፒንግ ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። በዘገምተኞቹ ጌሞች ግን 120 ወይም 150 ላይ ሆናችሁም በደንብ ትጫወታላችሁ፤ ከሐኪምነት፣ ከሾፌርነት ወይም ከመሪነት ማንም አይከለክላችሁም። በሳንድስቶርም ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ግን ያው 150 ቀድሞ ያስገድላችኋል።

ስቲም ከሚባለው የፒሲ ጌም መሸጫ የገዛችሁትን ጌም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁት፣ መልሳችሁ ገንዘባችሁን ማግኘት ትችላላችሁ። ሁለት ሰዓት ለሳንድስቶርም በቂ ነው። ለሄል ሌት ሉስ ግን አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። መቼቱን ስታስተካክሉ አንድ ሰዓት ካቃጠላችሁ ጌሙን ሳታዩት ጊዜው አለቀ። ስለዚህ መጀመሪያ መልመጃውን ቶሎ ጨርሱ፣ ቀጥታ ወደ ሞላ ሰርቨር ግቡ፤ የቀለሙንና የጥላውን መቼት በኋላ ትደርሱበታላችሁ። ነፃ የሚሆኑባቸው የሳምንት መጨረሻዎችም ስላሉ መጠበቅ አይከፋም።

ቋንቋ የሚያስፈራው ሰው ብዙ ነው። በእነዚህ ጌሞች የሚፈለገው ግን አማርኛም ይሁን እንግሊዝኛ ጥቂት ቃል ነው። በስኳድና በሄል ሌት ሉስ ስክሪኑ ላይ ኮምፓስ አለ። ቁጥሩን አንብቡ፣ ርቀቱን ገምቱ፣ ያያችሁትን ተናገሩ። «እግረኛ፣ 230፣ 150 ሜትር፣ ከቀይ ጣሪያው ቤት ግራ።» ይህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «እዚያ ጋ! እዚያ ጋ!» ግን ለማንም ምንም አይነግርም፤ የእናንተ «እዚያ» ለእኔ የት እንደሆነ አላውቅም። ቁጥር ብቻ እንኳ በእንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ዝም ካለ ጎበዝ ተኳሽ ይልቅ ይፈለጋል።

የመጀመሪያው ማታ

ስኳድን ወይም ሄል ሌት ሉስን ከመረጣችሁ በመጀመሪያው ጨዋታ አልሞ ተኳሽ አትሁኑ። ታንክም አትያዙ፤ ሁለት ሰው በእናንተ ላይ ተማምኖ ይገባና ሦስታችሁም ትቃጠላላችሁ። ተራ ጠመንጃ ያዙ። ከመሪያችሁ ከ20 ሜትር በላይ አትራቁ። እሱ ሲቆም ቁሙ፣ ሲተኛ ተኙ፣ እሱ የማያየውን አቅጣጫ ጠብቁለት። ጓዱ ውስጥ እንደገባችሁ ማይኩን ክፈቱና «አዲስ ነኝ፣ ከማን ጋር ልሂድ?» በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከሰከንዶች በኋላ አንድ ድምፅ ይመልስላችኋል፦ «ከእኔ ጋር ና፣ ሐኪሙ እኔ ነኝ።»